ከቅጹ ላይ የወጣ ስም

ሽባባው ፍላሹን ላፕቶፑ ላይ ሰካ። ፍላሹን ያመጣችለት ሄርሜላ ከፊት ለፊቱ ተቀምጣለች።

ቅዳሜ ረፋድ ነው። ሮተርዳም፣ ብላክ በሚባለው ገበያ ዳር ያለች ጠባብ ካፌ። በመስታወቱ ማዶ ሁለት የፖሊስ ሰዎች ዘንቢል ይዘው ዓሣ የሚመርጡ መስለዋል።

ሽባባው የሚያውቃት ትህትና በሚል ስም ነው። ራይስዋይክ በምትባል ከተማ፣ የሰዎችን ጽሑፍ በኢንተርኔት እያወጣ በተነበበላቸው ልክ የሚከፍል ድርጅት አለ። እሷ እዚያ የጸሐፊዎቹን የግብር ቅጽ ትቀበላለች። አንባቢ የሚያየው የብዕር ስም ብቻ ነው። ቅጹ ግን እውነቱን ይጠይቃል፦ ሙሉ ስም፣ የቤት አድራሻ፣ የነዋሪነት መለያ ቁጥር።

ሽባባው የፈለገው ያንን ነው። ሊቢያ ውስጥ ስደተኛ እያገቱ ቤተሰብ የሚያስለቅሱ ደላሎች እዚህ ሆላንድ ያስቀመጡት ሰው ነበር። ከእጃቸው ያመለጡት በብዕር ስም እየጻፉ ያጋልጧቸው ጀመር። ደላሎቹ የጸሐፊዎቹን ማንነት ፈለጉ። የፖሊስ ሰላይ የሆነችው ሄርሜላ ለአምስት ወር በሥራዋ የተማረረች ሠራተኛ መስላ ቀረበችው፤ አመናት።

ፍላሹ ውስጥ ባለው ዝርዝር ላይ ያሉት ሃያ ስሞች በሙሉ የፈጠራ ናቸው። ሽባባው ለአለቆቹ ሲልካቸው፣ መልእክቱ የት እንደደረሰ ይታወቃል፤ ከዚያ ሁሉም ይያዛሉ። አለቃዋ ዮሐንስ እንዲህ ነበር የነገራት። የምስጢር ስሙ «ሸማኔ» ነው።

ሽባባው ስምንተኛው ስም ላይ ቆመ።

«ገብረሥላሴ። አድራሻ፣ ዲመን። ይሄን ሽማግሌ ቤተ ክርስቲያን አየዋለሁ» አለ። «እሱ ነው እንዴ የሚጽፈው?»

ሄርሜላ ክው አለች።

ያ ስም እዚያ መኖር አልነበረበትም።

አቶ ገብረሥላሴ የአረጋውያን መጦሪያ ያጸዳሉ። መጋቢት ላይ፣ ቅጹን ኮምፒውተር ላይ መሙላት ቢያቅታቸው፣ ራይስዋይክ ድረስ በአካል መጡ። እሷው ሞላችላቸው። ስማቸውን ማን ማን እንደሚያይ ሲጠይቋት፣ ከግብር መሥሪያ ቤቱ በቀር ማንም አያየውም ብላ አረጋጋቻቸው።

«ምነው ፊትሽ ተለዋወጠ?» አለ ሽባባው።

ዝርዝሩ ሐሰት ነው ብትል ከዚያች ካፌ በሕይወት መውጣቷም ያጠራጥራል፤ ደላሎቹም ያመልጣሉ። ዝም ብትል ደግሞ ሽማግሌው አደጋ ላይ ይወድቃሉ።

«ቁርስ አልበላሁም» አለች።

ሽባባው ዝርዝሩን ላከው።

ከካፌው ወጥታ ጥግ ዞራ ዮሐንስ ጋ ደወለች።

«ሸማኔ፣ ስምንተኛው እውነተኛ ሰው ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እያወቅክ ነው ያስገባኸው?»

«አንድ የሚያውቀው ስም ባያገኝ አይልከውም ነበር» አለ ዮሐንስ። «ለሽማግሌው ጠባቂ እንልክላቸዋለን። ከቦታሽ እንዳትነቃነቂ።»

«መቼ ነው የምትልኩት?»

ዮሐንስ ስልኩን ዘጋው።

ትእዛዙን ጥሳ ባቡር ያዘች። ለአቶ ገብረሥላሴ ደጋግማ ደወለች፤ አያነሱም። አምስተርዳም ልትደርስ ስትል መልእክት ገባ። ዝርዝሩ የደረሰበት ተገኝቷል። ሽባባውና አሥራ አንድ ሰዎች ተይዘዋል። ዮሐንስ «በርቺ» ብሎ ጨምሮበታል።

አምስተርዳም አጠገብ ዲመን፣ የሽማግሌው ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ። በሩ ገርበብ ብሏል።

አቶ ገብረሥላሴ ኩሽናው ወለል ላይ ተቀምጠዋል። ግንባራቸው ይደማል። ቀኝ እጃቸው ጣቶቹ ተሰባብረው አብጧል። ደላሎቹ የላኳቸው ሁለት ጎረምሶች ከእሷ ቀድመው መጥተው ሄደዋል። አምቡላንስ ጠራች፤ ፎጣ አርጥባ ግንባራቸው ላይ ያዘች።

«ስምዎን አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች። ሌላ የምትለው አላገኘችም።

እሳቸው ቀና ብለው አዩዋት።

«ትህትና ነበር ያልሽኝ። እውነት ስምሽ ነው?»

ሄርሜላ ፎጣውን ገልብጣ ያዘች።

«ተዪው ልጄ» አሉ። «እኔም ባልጠይቅሽ ይሻላል።»

የዮሐንስ ሰዎች ከአምቡላንሱ በኋላ ደረሱ። ሽማግሌውን ከሆስፒታል ወደማይታወቅ ከተማ አዛወሯቸው፤ በሌላ ስም፣ ከለመዱት ደብርና ከወዳጆቻቸው ርቀው። እንዲጽፉም አልተፈቀደላቸውም። የት እንዳሉ ሄርሜላ ዮሐንስን ጠየቀችው። ይህን ማወቅ ሥራዋ እንዳልሆነ ነገራት። አጥፍቻለሁ አላለም፤ እሷም ከዚያ በኋላ በምስጢር ስሙ ጠርታው አታውቅም።

ሰኔ ላይ ዞተርሜር ውስጥ ሌላ ቢሮ፣ ሌላ ስም ሰጧት። በመጀመሪያው ቀን ትራም ላይ ሆና የሽማግሌውን የመጨረሻ ጽሑፍ ከፈተች። ከስሩ አንባቢዎች እየተቀባበሉ ጽፈዋል። «ጠፋህብን፣ ደህና ነህ?» ይላል አንዱ። «ወንድሜ የታገተበትን ቤት የነገርከን አንተ ነህ፤ እባክህ ተመለስ» ትላለች ሌላዋ።

ሄርሜላ «በሕይወት አሉ» ብላ ጻፈች።

አጠፋችው።

ፌርማታዋ ደረሰ። አዲሱን መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አጠለቀችና ሥራ ከሚገቡት ሰዎች ጋር ወረደች።