የአሥራ አራት ቀን የልብ ምት

አናጺው የሞቱት የዳሌ አጥንታቸው በቀዶ ጥገና በተቀየረ በሦስተኛው ቀን ነው። ነርሷ የቁርሱን ትሪ ልታነሳ ስትገባ ሻዩ አልቀዘቀዘም ነበር፤ እሳቸው ግን የሉም።

በማግስቱ ጉዳዩን እንድታጣራ የሆስፒታሉ መርማሪ ተጠራች። ጡረታ ልትወጣ ሁለት ወር ቀርቷታል፤ ደረጃ ስትወጣ በየመሐሉ ቆም እያለች ትተነፍሳለች። የቀዶ ሐኪሙ ቢሮ ስትደርስ የአናጺው ልጅ፣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ የክስ ማመልከቻ አስቀምጦ ጠረጴዛውን ይደበድባል።

«ልቡ ደህና ነው ብለው ነው አባቴን የገደሉት! የተሳሳተው ሰው ካልተጠየቀ እንቅልፍ አይወስደኝም!»

ልጁን አረጋግታ ወደ ውጭ ከሸኘችው በኋላ ወደ ሐኪሙ ዞረች። «በል፣ ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

«በዕድሜ የገፋ ሰው ኦፕራሲዮን ከማድረጋችን በፊት ደረቱ ላይ ትንሽ መከታተያ እንለጥፋለን» አለ ሐኪሙ። «ሰውየው ቤቱ እያለ እያንዳንዷን የልብ ምት ለአሥራ አራት ቀን ይመዘግባል። ምቱ የሚዛባ ልብ ደም ያረጋል፤ ያንን ቀድመን ለማወቅ ነው። የእሳቸው መዝገብ ንጹሕ ነበር። አስከሬኑ ሲመረመር ግን ልባቸው ለዓመታት የታመመ ሆኖ ተገኘ። የረጋ ደም ወደ አንጎላቸው ሄዷል።»

«መዝገቡን ማን አነበበው?»

ሐኪሙ በአገጩ ወደ በሩ አመለከተ። የልብ ምት ባለሙያው ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት» አላት። «አንድም የተዛባ ምት የለውም። ከትናንት ጀምሮ ከሥራ ታግጃለሁ። ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም።»

«እስቲ አብረን እንየው። መሣሪያው ከምት ሌላ ምን ይመዘግባል?»

«እንቅስቃሴ። እሱን ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም።»

መነጽሯን አጥልቃ ወረቀቱን ገጽ በገጽ ገለጠች። ወገቧን ሲያማት ትነሳለች፤ ተመልሳ ትቀመጣለች።

«ይሄ ባዶ ቦታስ?»

«በመጀመሪያው ቀን ማታ ለአሥራ አንድ ደቂቃ ተቋርጧል። ሲታጠቡ ለቆ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።»

«የወጣትና የሽማግሌ ልብ ይለያል?»

«በደንብ። የወጣት ልብ ትንፋሽ በተሳበ ቁጥር ምቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ይሄ ግን ዕድሜው የገፋ ሰው ልብ ነው፤ ለዚህ እምላለሁ።»

በነጋታው ሟቹ ይኖሩበት ወደነበረው ሕንፃ ሄደች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሩን የከፈቱላት የአናጺው ታላቅ እህት ናቸው።

«ወንድሜ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ለመድረስ ግድግዳ ይዞ ነበር የሚሄደው» አሉ። «ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አልነበረውም፤ ሌሊቱን ሲያቃስት ነው የሚነጋው።»

«የቤቱን ሥራ ታዲያ ማን ይሠራዋል፣ እማማ?»

«እኔው ነኛ! ሲነጋ ገበያ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እግሬ ግን ወሬውን ገና አልሰማም።»

መርማሪዋ ፈገግ አለች። አሮጊቷ እያወሩ ከሹራባቸው ሥር ደረታቸውን አከክ አከክ አደረጉ። ስታያቸው እጃቸውን ቶሎ አወረዱ። ሌላ አልጠየቀቻቸውም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሐኪሙ ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ባለሙያው በትክክል ነው ያነበበው» አለች። «ያነበበው የሌላ ሰው ልብ ሆኖበት ነው እንጂ። መከታተያውን ያደረገው ሰው በየቀኑ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጥቶ ከአርባ ደቂቃ በላይ ይራመዳል። መጨረሻ ላይ ደረጃ ይወጣል፤ ልቡ ይፈጥናል። ግድግዳ ይዞ የሚሄድ ሰው ይሄን አይችልም።»

ሾፌሩ ተነሳ። «እኔን ነው የሚጠረጥሩት?»

«ተቀመጥ። አንተ በዚያ ሰዓት መሪ ጨብጠሃል፤ የመነሻ ጣቢያውን ፊርማ አይቻለሁ። ልቡ ደግሞ የአረጋዊ ነው። መሣሪያው ለአሥራ አንድ ደቂቃ ዝም ያለው ከአንድ ደረት ተላቆ ሌላው ላይ እስኪለጠፍ ነው። ማጣበቂያው ስስ ቆዳ ላይ ሲከርም ከተነሳ በኋላም ያሳክካል።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እማማ፣ እኔ ባልናገረው ደስ ባለኝ።»

ሁሉም ወደ አሮጊቷ ዞሩ።

«ለመነኝ» አሉ የአናጺው እህት። «‹ልቤ መታመሙን አውቃለሁ፤ ካዩት ኦፕራሲዮን አያደርጉኝም። ዳዴ እያልኩ አልሞትም› አለኝ። ታናሼ ነው፤ ምን ልበለው?»

«ይህ ባለሙያ እንጀራውን ሊያጣ ሲልስ?» አለች መርማሪዋ።

«ልናገር ብዬ ሦስቴ እስከዚህ በር መጥቻለሁ። የወንድሜን ልጅ ፊት ሳስበው አፌ እምቢ አለኝ።»

ሐኪሙ ፊቱን በእጆቹ አሸ። «አንከለክላቸውም ነበር፣ እማማ። መድኃኒት ሰጥተን ሦስት ወር ብቻ ነበር የምናስጠብቃቸው።»

«ሦስት ወር?» አሉ አሮጊቷ። ቃሉን ያልገባቸው ይመስል ደገሙት። «ሦስት ወር ብቻ?»

ሾፌሩ የክሱን ማመልከቻ ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ አጣጠፈው። ባለሙያውን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ» አለ።

አክስትየዋም ወደ ባለሙያው ዞሩ። «ልጄ፣ ያነበብከው ልብ... ጤነኛ ነው?»

«ጤነኛ ነው፣ እማማ። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ልብ ብዙ አላየሁም።»

«ምን ሊሠራልኝ» አሉና እንባቸው ወረደ።

መርማሪዋ ብዕሯን ከፍታ ነበር፤ ዘጋችው። ሾፌሩ ወደ አክስቱ ሄዶ ብዙ ቆመ፤ በመጨረሻ ክንዳቸውን ያዘ።

«ነይ፣ አክስቴ፣ እንሂድ። ገና ያልቀበርነው ሰው አለ።»