የድንኳኑ ሜዳ

ፌናን አብኔዘርን መጀመሪያ ያየችው ረቡዕ ጠዋት ነው፤ የካ አባዶ፣ በእነሱ ኮንዶሚኒየም ብሎኮች መሀል ባለው ሜዳ ላይ ሜትር ዘርግቶ ሲለካ። የእድሩ ጸሐፊ ናትና ዝም ብላ ማለፍ አልሆነላትም።

«ምን ልታደርገው ነው?»

«አርክቴክት ነኝ። ባዶ ቦታ ስለሆነ ሱቆች ሊሠሩበት ነው።»

«ረቡዕ መጥተህ ባዶ ትላለህ። ለቅሶ ሲኖር ና። ድንኳን አራተኛ ፎቅ ላይ የምንተክል መስሎሃል?»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

እሑድ ግን መጣ። ጎረቤት ሞቶ ድንኳን ተተክሏል። አግዳሚ ወንበር ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ፣ ሴቶቹ ሜዳው ዳር ሽንኩርት ሲልጡ፣ ልጆች በድንኳኑ ገመድ መሀል ሲሯሯጡ ሲያይ ዋለ። ሊሄድ ሲል ከፌናን ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

በሳምንቱ ሌላ ንድፍ ይዞ መጣ፤ ሱቆቹ ዳር ዳሩን፣ መሀሉ ክፍት። ከዚያ ወዲያ እዚያ ሥራ ሳይኖረውም ከቦሌ መድኃኔዓለም ሁለት ታክሲ እየቀያየረ ይመጣ ጀመር።

«የንድፉን መስመር ልይ ብዬ ነው» ይላል።

«መስመሩ እኔ ፊት ላይ ነው እንዴ?»

ሜትሩን ዘርግቶ የለካውን መልሶ ይለካል። ይህን ነገሩን ወደደችው።

ፌናን ክፉ ክፉውን ማሰብ ልማዷ ነው። የአብኔዘር አለቃ «የመጀመሪያውን ንድፍ ፈርም፤ አለበለዚያ ሥራህን ልቀቅ» እንዳለው ስትሰማ፣ «ይፈርማል» አለች በልቧ። «እንጀራውና እኔ ብንመዘን እኔ እቀላለሁ።»

በነዋሪው ስብሰባ ላይ አብኔዘር ከአለቃው ጎን ብድግ አለ።

«ባዶ ቦታ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። አልፈርምም።»

በማግስቱ ከሥራ ተባረረ።

«አሁን በምን አፌ አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ እልካለሁ?» አላት።

«በዚያው አልፈርምም ባልክበት አፍህ።»

ሽማግሌዎቹ በመጡ ቀን አባቷ አቶ ጉዲሳ ፊታቸውን አጠቆሩ። ጤፍ ይዘሩበት የነበረው ማሳ ለእነዚሁ ብሎኮች ሄዶባቸዋል።

«ሥራ የለው። የሜዳው ውሳኔም ገና ነው፤ እንደ ማሳዬ መወሰዱ አይቀርም። ለመሆኑ የት ሊደግስ ነው? አዳራሽ በምኑ ሊከራይ?»

በወጉ ሴት ልጅ ሽማግሌ ፊት አትናገርም። ፌናን ግን ከመኝታ ቤት ወጣች።

«አባዬ፣ አዳራሽ አልፈልግም። የምዳረው ሜዳው ላይ ነው። የሚወስዱት ከሆነም ከነሙሽራዋ ይውሰዱት።»

አቶ ጉዲሳ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«ሰማችኋት? እኔ ማሳዬ ሲወሰድ እንዲህ አልተናገርኩም። በሉ፣ ቀን እንቁረጥ።»