የመዳቡ ሳህን ዝም ያለ ዕለት

እኔ ይታይሽ በጥላና በመንፈስ ወሬ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም፣ ባደግሁበት በቡሬው የጌቶች ቤት ገረዶቹ «ጓዳ ውስጥ ሰው አየን» ብለው ሲንጫጩ ኩራዝ ይዤ ገብቼ አይጥ መሆኑን የምነግራቸው እኔ ነበርሁ፣ ስለዚህ ይህን ስትሰሙ «አሮጊቷ ጃጀች» እንዳትሉኝ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ እጄ ላይ የሆነ ነገር ነው።

ሥራዬ እጅ ማስታጠብ ነበር። ጌታዬ ፊታውራሪ ሳይታጠቡ ማንም እንጀራ አይቆርስም፣ እኔ በማንቆርቆሪያ አፈስሳለሁ፣ ከሥር የመዳብ ሳህን እይዛለሁ፣ እሳቸው ሲጨርሱ ጣታቸውን ሦስት ጊዜ ያራግፋሉ፣ ጠብታው ሁልጊዜ የሚያርፈው የእኔ እጅ አንጓ ላይ ነው። ይህን ሥራ የሠራ ያውቃል፣ ውኃ እጅ ላይ ሲወርድና ባዶ ሳህን ላይ ሲወርድ ድምፁ አንድ አይደለም።

ጣሊያን ቡሬ ገብቶ ምሽግ ሲሠራ ጌታዬ ጫካ ገቡ። እመቤቴ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግን የባላቸውን ቦታ አላስነኩም፣ በየቀኑ ምሳ ሲቀርብ መጀመሪያ በባዶው መቀመጫ ፊት ውኃ እንዳፈስስ ያዙኛል፣ ሳህኑ እንደ ቃጭል ይጮሃል፣ እኔም በልቤ ወይ ጉድ፣ ለነፋስ እጅ ማስታጠብ መጣ እላለሁ።

ዓመት እንዳለፈ ከደምበጫ በኩል አንድ ሰው መጥቶ ፊታውራሪ ወደቁ፣ ያለ ፍትሐት ገደል ውስጥ ተቀበሩ አለ። ሬሳቸውን በዓይኑ አላየም፣ የያዘው ካባቸውን ብቻ ነው። እመቤቴ ካባውን ታቅፈው ሰነበቱ፣ አላመኑም አልካዱም። የነፍስ አባታቸው መምሬ ይትባረክ ግን አርባቸው ደርሷል፣ ነፍሳቸው ያለ ተዝካር አትቅር ብለው ለመኑ፣ እመቤቴም ዕንባቸውን ውጠው እሺ አሉ።

ዳስ ተጣለ፣ በሬ ታረደ፣ ካህናቱና ነዳያኑ ተቀመጡ። መምሬ ለጸሎት ሲነሡ እመቤቴ ወደ እልፍኝ ጠርተው፣ ለመጨረሻ ጊዜ አስታጥቢያቸው አሉኝ። አፈሰስሁ።

ሳህኑ ዝም አለ።

ማርያምን እላችኋለሁ፣ ውኃው ይወርዳል፣ ማንቆርቆሪያው እየቀለለኝ ነው፣ መዳቡ ግን ድምፅ የለውም፣ ቆይቶ ጠብ ጠብ ይል ጀመር፣ ከጣት ላይ እንደሚንጠባጠብ። ከዚያ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አንጓዬ ላይ ተረጨብኝ።

«ሰማሽ?» አሉኝ እመቤቴ።

«ሰማሁ።»

«እጃቸው ነው?»

ያን እጅ ስንት ዓመት አስታጥቤዋለሁ።

«እጃቸው ነው፣ እመቤቴ።»

እየሮጡ ወጡ። ባሌ በሕይወት አሉ፣ በቁማቸው ተዝካራቸውን ላበላባቸው ነበር ብለው፣ ስማቸው በጸሎቱ እንዳይጠራ፣ ድግሱም የማርያም ዝክር እንዲባል አዘዙ። መምሬም «ልጄ፣ ነፍስ ትጠብቃለች» አሏቸው። እመቤቴ ግን ያን ዕለት ከስንት ጊዜ በኋላ ስቀው በሉ፣ እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ጣሊያን ወጣ። አርበኞቹ ጎፈሬያቸውን አሳድገው ሲገቡ እመቤቴ ደጃፍ ቆመው የሁሉንም ፊት አንድ በአንድ አዩ፣ ጌታዬ የሉም። ከዚያም ወዲያ ተዝካር ያለ ሰው ከቤታቸው ይባረር ነበር፣ እመቤቴ ሲሞቱም እጄን ይዘው «እጃቸው ነው ብለሽኛል እኮ» እንዳሉ አረፉ።

ከቀብራቸው ስመለስ ነው አንድ ነገር የገባኝ። እጁን የሚታጠብ ሰው ሊበላ ነው። ጌታዬ ለተዝካራቸው መጥተው፣ ታጥበው ሲጠብቁ፣ የእሳቸውን ማዕድ በሌላ ስም አንስተን ሰጥተንባቸው እንደሆነስ? ያን ቃል የተናገርሁት እኮ እኔ ነኝ። ለማንም አልነገርሁም፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርሁ። ተዝካራቸውን ላውጣ እላለሁ፣ ደግሞ በሕይወት ካሉስ ብዬ እፈራለሁ፣ ቂልነት ነው፣ አውቃለሁ፣ ዛሬ ቢኖሩ ከመቶ ዓመት በላይ ናቸው።

ሳህኑ እኔ ዘንድ ነው። ምሳዬን ከመቁረሴ በፊት ትንሽ ውኃ አፈስስበታለሁ፣ እስከ ትናንት ድረስ እንደጮኸ ነው። ዝም ያለ ዕለት ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቃቸው ግን አላውቅም።