በገበታው ጠርዝ ላይ ያለው ሽንብራ

ወላሂ፣ ይህን ከሰው አልሰማሁትም። በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነው።

ዕለቱ አርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ። ኮንስታንቲን ከተማ፣ እናቴ ቤት። ፀሐይ በመስኮቱ ሞልታ ገብታለች...

መንግሥት ሰው ላከብን። ሲ ቡዓላም ይባላል። ዓይኑን በጨው የታጠበ፣ ሽቶው ቀድሞት ደረጃ የሚወጣ ሰው።

ወንድሜን ሪዷንን የመንግሥት ሰዎች ከዳቦ ቤት ደጃፍ ከወሰዱት ሃያ ምናምን ዓመት ሆነው። እናቴ ፎቶውን ይዛ በየሳምንቱ አደባባይ ትቆማለች። የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው... የት አደረሳችሁት?

ሰውዬው የመጣው አፏን ሊያዘጋ ነው።

እንግዳ ነውና ኩስኩስ በሽንብራና በመረቅ ቀረበ። እኛ ዘንድ ከአንድ ገበታ ሁሉም ከፊቱ ይበላል፤ የሌላውን በኩል አይነካም። የሪዷን በኩል ሁልጊዜ ሳይነካ ይነሳል። ማንኪያውም እዚያው ነው።

ሲ ቡዓላም ሄዶ እዚያ ዘፍ አለ።

"እዚያ አይቀመጡ" አልኩት።

"ቦታ ቦታ ነው፣ እህቴ።"

ማንኪያውን አልነካም። ለወሬ ነዋ የመጣው!

"ሐጃ፣ ልጅዎን በዓይኔም አይቼው አላውቅ። ግን ሞቷል ይበሉና ይረፉ። አገሩ እንደሆነ ይቅር ተባብሏል።"

"ማን ማንን ይቅር አለ?" አለች እናቴ።

ሳቀ። ጥርሱን ሳይ አንገሸገሸኝ።

ያኔ ነው ያየሁት... ከፊቱ ያለው ኩስኩስ ጎድሏል።

እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው። ማንኪያው ደረቅ ነው።

እሱ ስለ ሰላም ይለፈልፋል። ኩስኩሱ ይጎድላል...

"እማ..." አልኩ በሹክሹክታ።

"ዝም በይ። ይብላ።"

ከዚያ ሽንብራዎቹ ከኩስኩሱ እየወጡ ገበታው ጠርዝ ላይ ተደረደሩ... አንድ በአንድ። ሪዷን ሽንብራ አይወድም ነበር። እናቴ ብትቆጣውም ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ይደረድረው ነበር።

ሲ ቡዓላም አጎንብሶ አየ።

"እዚያም..." አለ፣ ለራሱ። "እዚያም እንዲህ ነበር የሚያደርገው።"

በዓይኔ አይቼው አላውቅም ያለው ሰው! ቀጣፊ።

"እዚያ የት?" አለች እናቴ።

ሊነሳ ሞከረ። ትከሻውን የተጫነው ያለ ይመስል ተመልሶ ቁጭ አለ። ከኋላው ግን ማንም አልነበረም...

እናቴ ተነሳች። በሩን ቆለፈች። ተመልሳ በሪዷን በኩል ትኩስ መረቅ ጨመረች።

"ብላ ልጄ፣ አትቸኩል። እንግዳችንም አይቸኩልም... እዚያ የት?"

ማንኪያውን አየሁት። እርጥብ ነበር።