የሃያ ሰከንዱ ውሻ

የኤሊፍ ሬሳ ከባሕሩ ዳር ካለው ቋጥኝ ሥር የተገኘው ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ወሩ ታኅሣሥ፣ አገሩ ሰሜን ኖርዌይ ነውና በቀትርም ጨለማ ነው። ካሜራው ከነአዲሱ ሌንሱ ቋጥኙ ላይ፣ ቦርሳው ውስጥ ተገኘ። የተሰረቀ ነገር ስለሌለ መንደርተኛው ሁሉ «አዳልጦት ነው» አለ። ሰው ሁሉ ያመነውን የምትጠራጠረው መርማሪ ሲግሪድ ግን ወደ ሟቹ ሚስት ወደ ቶሩን ሄደች።

«ሌንሱ አራት ሰዓት ላይ በፖስታ መጣ። አቅፎት ወጣ» አለች ቶሩን። «እኔን እንኳ እንደዚያ አቅፎኝ አያውቅም! አሁን በሌንስ እቀናለሁ ብል ማን ያምነኛል?»

«ማን መረጠለት?»

«ራሱ። ሃልቫርድማ ‹ጨለማ የሚበሳ ሌንስ ለአንተ ምን ያደርግልሃል?› ብሎት ነበር።»

ሃልቫርድ ኤሊፍ አባል የነበረበት የመንደሩ ፎቶ ማኅበር አንጋፋ ነው፤ ለሃያ ዓመት የሚበልጠው አልተገኘም።

ሲግሪድ ወደ እሱም ሄደች። «ዓርብ የት ነበሩ?» አለችው።

«ጎጆዬ፣ ከውሻዬ ጋር። ኤሊፍንም ሌንሱንም በዓይኔ አላየሁም፤ ደግሞስ ምን ልሁን ብዬ?»

ማክሰኞ ማኅበርተኞቹ ለሟቹ መታሰቢያ ተሰበሰቡ፤ ቶሩንና ሲግሪድም መጡ። እንደ ልማዳቸው እያንዳንዱ የሳምንቱን ምርጥ ፎቶ ሰቅሎ፣ በምን ሌንስና በስንት ሰከንድ እንዳነሳው ከሥሩ በካርድ ጻፈ። ሲግሪድ ከሃልቫርድ ፎቶ ፊት ቆማ ቀረች። በዚያ አገር ክረምት ሰማይ ላይ ከሚታየው አረንጓዴ ብርሃን በታች ውሻው በረዶ ከጸጉሩ ያራግፋል፤ እያንዳንዷ ቅንጣት ቁልጭ ብላ ትታያለች። ካርዱ «ዓርብ፣ የድሮው ሌንሴ፣ ሃያ ሰከንድ» ይላል።

«በረዶው ሃያ ሰከንድ አየር ላይ ቆሞ ጠበቀዎት እንዴ?» አለች።

አንዳንዶች ሳቁ። ሃልቫርድ አልሳቀም።

«የእርስዎ ሌንስ የሚያስገባው ብርሃን ትንሽ ነው፤ በጨለማ ብዙ ሰከንድ ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ የሚንቀሳቀስ ውሻ ጭጋግ ይሆናል። ይህ የተነሳው በቅጽበት ነው። ለዚህ የሚበቃ ሌንስ በመንደሩ አንድ ብቻ ነው። ዓርብ አራት ሰዓት መጣ፣ ስምንት ሰዓት ቋጥኙ ላይ ተገኘ። በዚህ መሃል የእርስዎ ካሜራ ላይ ነበር። ታዲያ ‹አላየሁትም› ያሉኝ ለምንድን ነው?»

ሃልቫርድ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ቋጥኙ ላይ ስንገናኝ ራሱ ነው ያዋሰኝ» አለ። «‹ሞክረው፣ አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቅበታለህ› አለኝ። ሃያ ዓመት ያጣሁት ፎቶ በአንዴ መጣ። ከዚያ ‹በል መልስልኝ› ብሎ እጁን ዘረጋ። ቅናቱ አነቀኝ፤ ገፋሁት። ሌንሱን ቦርሳው ውስጥ መለስኩ።»

«ፎቶውን ቢደብቁት ኖሮ ማን ያውቅብዎት ነበር? ለምን ሰቀሉት?»

ሃልቫርድ ግድግዳውን አየ።

«ከሁሉም ስለሚበልጥ» አለ።

ቶሩን ተነስታ ካርዱን ነቀለች። ገልብጣ «በኤሊፍ ሌንስ» ብላ ጻፈችበትና መልሳ ሰቀለችው።