ትኩስ እበት

ሰው ሀብቱን በደጁ እያቃጠለ «ምነው ቸገረኝ» ሲል ከመስማት የበለጠ የሚያናድድ ነገር የለም። ኛኬር እንዲያ ነበረች። እሷን ብቻ ግን አንውቀሳት፤ ሰፈሩ በሙሉ እንዲያው ነበር።

ሰፈሩ ከጋምቤላ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ዛፉ ለከሰል ተቆርጧል፤ ሣሩ በከብት ተረግጦ አልቋል። ክረምት ሲገባ ዝናቡ በጠንካራው መሬት ላይ እየተንሸራተተ አፈሩን ወደ ባሮ ይዞት ይሄዳል እንጂ አይሰርግም። እበቱስ? እበቱ ይደርቅና አመሻሽ ላይ በከብቶቹ መካከል ይጨሳል፤ ትንኝና ዝንብ ያባርራል። ጭሱ መልካም ነው፣ ማን ይጠላዋል? ግን ሁሉም፣ እፍኝ ሳይቀር፣ ይጨስ ነበር።

ኛኬር አንዲት ዳለቻ ላም አለቻት። ትንሿ ልጇ ኛሬአት ያደገችው በዚያች ላም ወተት ነው። በየበጋው ግን ሣር ሲጠፋ የባሏ ወንድም ዱዎፕ ላሟን ሩቅ ወንዝ ዳር ይነዳታል፤ ሕፃኗም ወተት እያለች ስታለቅስ ትከርማለች። የኛኬር ጭንቀት ይኸው ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ኛይየን የምትባል ሴት ከማታር ከተማ መጥታ አጥር ለአጥር ተጎራበተቻት። ኛይየን መሬቷን ውሃ እንዲያቁር አድርጋ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ቆፈረችው። ከሰፈሩ የጋራ በረት እበት እየለመነች ከደረቅ ቅጠልና ከአመድ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ከተተች። ኛኬር በአጥሩ ላይ ሆና ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«እበት ለጭስ ነው! አፈር ምን ጥርስ አለውና ይበላዋል?»

ሁለት ክረምት አለፈ። ሳቁም አብሮ አለፈ። በዚያ በተራቆተ መሬት ላይ ዝሆኔ ሣር ቁመቱ ሰው አከለ፤ የሽፈራው ዛፍ አቆጠቆጠ፤ ወፍ መጣ። ኛኬር ጠዋት ስትነሳ ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። አንጀቷ አረረ! «እኔ የሰፈሩ ነባር፣ እሷ ትናንት የመጣች» እያለች እንቅልፍ አጣች። ሰው ኛይየንን ባመሰገነ ቁጥር ምሳዋ አይወርድላትም።

ቅናት ደግሞ ቁጭ ብሎ አይቀመጥም። ተነሥታ የበረቱ ሽማግሌ ወደሆኑት ወደ ጩዎል ሄደች።

«አባባ፣ ይህች ሴት እበታችንን እያጋዘች ጭሱ አነሰ። የላሜን ጥጃ ዝንብ ሊጨርሰው ነው!»

ውሸቷን ነው። ጥጃው ደኅና ነበር፤ ኛይየንም የምትወስደው ከጭስ የተረፈውን ነበር። ሽማግሌው ግን በከብት ነገር ቀልድ አያውቁም፤ «ከእንግዲህ ከበረቱ እበት የሚወስድ የለም» አሉ።

ኛኬር ለሌላው ያስከለከለችውን ለራሷ አልተወችም። ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ከላሞቹ ሥር የወደቀውን ሳይቀዘቅዝ እየዛቀች ደጇ ላይ ጉድጓድ ሞላች፤ እዚያው ላይ የዝሆኔ ሣር ቁራጭና የሽፈራው ችግኝ ተከለች። «አሁን እናያለን ማን እንደሚበልጥ!» አለች። ችግኙ ብዙም ሳይቆይ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያም ክው ብሎ ደረቀ።

«ዓይንሽ ነው! ዓይንሽ ነው ያደረቀብኝ!» ብላ በአጥሩ ላይ ጮኸች።

ኛይየን መጣች። አንድ ችግኝ ነቅላ ጉድጓዱን አሳየቻት። «የኛሬአት እናት፣ እስቲ እጅሽን አስገቢ።»

ኛኬር አስገባችና ወዲያው መለሰችው። አፈሩ ይፋጅ ነበር።

«ሳይበስል ነው የተከልሽበት።»

«ሳይበስል? ወጥ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ይበስላል። ትኩስ እበት ሥር ያቃጥላል። ከቅጠል ጋር ተቀላቅሎ፣ ውሃ እየጠጣ፣ እየተገላበጠ፣ ቀዝቅዞ አፈር አፈር እስኪሸት ይቆያል። ብትጠይቂኝ እኮ እነግርሽ ነበር።»

«አንቺን ከምጠይቅ ላሜ ትሙት!»

የአፏ ሟርት ሊደርስ ምንም አልቀረው። በጋው ገባ፤ የላሟ ጎን ገባ፤ ወተቷ ነጠፈ። ዱዎፕ ገመድ ይዞ ሊነዳት መጣ። ኛሬአት የላሟን እግር አቅፋ አልለቅም ብላ አለቀሰች። ይሄኔ ኛይየን ትልቅ ሸክም ሣር ተሸክማ ገብታ ላሟ ፊት አወረደችው።

«ጨምሬ ባመጣላት ደስ ባለኝ ነበር» አለች፤ «የታችኛው መሬቴ ግን እበት አጥቶ ዘንድሮ ሣር አላወጣም።»

የተናገረችው ያለ ክፋት ነው፤ ኛኬርን የወጋት ግን ይኸው ነበር። የራሷ ምላስ የራሷን ላም መኖ አሳጥቷል! «ውሰጂልኝ፣ አልፈልግም» ልትል አፏን ከፈተች። ላሟ ግን ኩርፊያ አታውቅም፤ አንገቷን ደፍታ ሣሩን መብላት ጀመረች። ሕፃኗ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ኛኬርም እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ዱዎፕ ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሰፈሩ በተሰበሰበበት ኛኬር ብድግ አለች።

«አባባ ጩዎል፣ ጥጃዬን ዝንብ አልነካውም። ቀንቼ ነው የዋሸሁት።»

ሰው አጉረመረመ። ሽማግሌው ግን፣ «ለጭስ የሚበቃው ይጭስ፤ የቀረው ወደ ጉድጓድ ይግባ» አሉ። «እኔም እኮ ሄጄ ሳላይ ፈረድኩ።» በማግስቱ ለኛይየን የመጀመሪያውን ቅርጫት እበት በራሷ ላይ ተሸክማ የወሰደችላት ኛኬር ነበረች።

በሚቀጥለው በጋ ላሟ የትም አልተነዳችም። በበሰለ እበት ያደገው የኛኬር ሣር ከአጥሩ በላይ ወጣ። አንድ ጠዋት ኛይየን አጥሩን ተደግፋ ሣሩን ስታይ፣ ስታይ ቆየች።

«የኛሬአት እናት፣ ያንቺስ ከእኔ በለጠ መሰለኝ።»

«ቀናሽ እንዴ?»

«ትንሽ።»

«እንግዲያስ አብስዪው» አለች ኛኬር እየሳቀች። «ቅናትም ትኩሱን ከደፉት ሥር ያቃጥላል። እኔ ቀምሼዋለሁ።»

«ምቀኛ አታሳጣኝ ነው!» አለች ኛይየን፤ ቅርጫቷን አንሥታም ወደ በረቱ ሄደች። ኛኬር የራሷን ቅርጫት ይዛ ተከተለቻት።