ያልደረቀው ቀይ አፈር

የትኬት ቢሮ ባለቤቱ ሪድዋን በጁገል ቤቱ፣ ከትልቁ መደብ ሥር ተዘርሮ ተገኘ። አጠገቡ ደም የነካው ዘነዘና ወድቋል። ኢንስፔክተር ለተማርያም ግን ዓይኗን ከመደቡ ጠርዝ አልነቀለችም። ሚስቱ ዓቢር ጠዋት ቀይ አፈር ቀብታው ገበያ ወጥታ ነበር። ባልደረቀው ቅብ ላይ ጫማ የሌለው እግር ታትሟል።

«ኒቆዲሞስ ነው፣ ወላሂ!» አለች ዓቢር እያለቀሰች። «ትናንት ቢሮ ድረስ መጥቶ ሌባ ብሎታል።»

ፖሊስ ያስጠራው ኒቆዲሞስ ግቢው ውስጥ ቆሞ ሌባ ማለቱን አልካደም። «እናቴ ልቧን ልትታከም ሕንድ ልትሄድ ነበር። ቀጠሮዋ ሲራዘም ትኬቱን ሰረዝን። ገንዘቡ ይመለስና ሌላ እንቁረጥ ስል፣ ሐምዲ ‹ባንኩ አዘገየው› ይለኛል። እሷ ደግሞ በየቀኑ እየደከመች ነው።»

ሐምዲ የሟች እህት ልጅና የቢሮው ሠራተኛ ነው፤ ፖሊስ በቀጥታ ከቢሮ አምጥቶታል። «የካርድ ነገር እንዲህ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ። «ለመቁረጥ ቅጽበት፣ ለመመለስ ወራት። እኔ ዛሬ ከቢሮ ንቅንቅ አላልኩም።»

ለተማርያም አየር መንገዱ ጋ ደወለች። ስልኩን ዘግታ ሦስቱንም ወደ ቤት አስገባቻቸው። ኒቆዲሞስ ጫማውን ሲያወልቅ አውራ ጣቱ ከተቀደደው ካልሲ ብቅ አለ፤ አፈረ። ሐምዲ በጫማው ገባ።

«ገንዘቡ ከተመለሰ ቆይቷል» አለች ለተማርያም። «ደንበኛው ጥሬ ብር ይሰጣችኋል፤ እናንተ በካርድ ትቆርጡለታላችሁ። ተመላሹ የሚገባው ወደዚያው ካርድ ነው። ካርዱ ያንተ ነው፣ ሐምዲ። አንተ ግን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ብለህ በባንኩ አላከክህ። ሪድዋን ዛሬ ጠዋት ለአየር መንገዱ ደውሎ ይህንኑ ሰምቷል።»

«ታዲያ እኔ ገደልኩት ማለት ነው?»

«አይደለም። ግን ባደግህበት ቤት፣ በለቅሶ ቀን፣ በጫማ ምን ያቆምሃል? አውልቅ።»

ሐምዲ አልተንቀሳቀሰም። ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀው። የግራ ካልሲው ከሥሩ ቀይ አፈር ጠጥቷል።

«ልለምነው እንጂ ልገድለው አልነበረም አመጣጤ» አለ ሐምዲ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ለዚያም ነው እንደ ወትሮዬ ጫማዬን አውልቄ የገባሁት። ገንዘቡን አጥፍቼዋለሁ፤ ጊዜ ስጠኝ አልኩት። እሱ ግን ‹የሰው እናት እየሞተች ነው፤ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ› አለ።»

ዓቢር ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ኒቆዲሞስ መደቡ ሥር በተቀደደ ካልሲው ቆሞ ቀረ። «እኔ በሰው ፊት ሌባ አልኩት» አለ። «አሁን ማንን አፉ በለኝ ልበል?»

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጠራ። አውጥቶ አየው፤ እናቱ ናት። ትኬቱ ተቆረጠ ወይ ልትለው ነው። ሳያነሳው ጥሪው እስኪያበቃ ጠበቀ።